የበር እጀታዬ የፓተንት ማመልከቻ ተመለሰብኝ፤ ልከራከር ወይስ ልተወው?

ሽቦ በጣሽ (ባሕር ዳር)
ማክሰኞ ማታ 2፡40

እንዴት አመሻችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ የቸኮለ ነገ ያንብበው።

ኤሌክትሪክ ነው የተማርኩት። አሁን ትንሽ የጥገና ሱቅ አለችኝ። በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ በር በክርኑ ሲከፍት እያየሁ አንድ ነገር ጀመርኩ። የበር እጀታ ላይ ቀጫጭን የብርና የመዳብ መስመሮች በየተራ እቀባለሁ። መስመሮቹ አይነካኩም። እጀታው ውስጥ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ እንዳለችው ያለ ክብ ባትሪ አለ፣ 3 ቮልት። የእጅ እርጥበት ሁለቱን መስመር ሲያገናኝ ደካማ ከረንት ያልፋል። ብሩ አየን (ኤሌክትሪክ የተሸከመ የብር ቅንጣት) ይለቃል፣ አየኑ ባክቴሪያውን ይገድላል። (ብር ስል ሲልቨሩን ነው። ሌላኛው ብርማ በማመልከቻው ምክንያት አልቋል።)

ማመልከቻ አስገባሁ። ስጠብቅ ስጠብቅ ከፓተንት መርማሪው ደብዳቤ መጣ። ባጭሩ ሦስት ነገር ይላል።

የመጀመሪያው የይገባኛል ጥያቄዬ (ሕግ እንዲጠብቅልኝ የምጠይቀውን የሚወስነው ዓረፍተ ነገር) «በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራና ተሕዋስያንን የሚገድል ማንኛውም የገጽ ቅብ» የሚል ነበር። አዲስ አይደለም አለኝ። አንድ የውጭ አገር የፓተንት ሰነድ ጠቀሰ። እሱም ብር ኤሌክትሮድ (ከረንት የሚያስተላልፍ ብረት) ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ ገጽ ነው።

ሁለተኛው ብርና መዳብ በየተራ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ያንን ሰነድ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ገጣጥሞ «ለባለሙያ ግልጽ ነው» አለ። ሁለት ወረቀት ሰፍቶ አንድ ማድረግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ሦስተኛ፣ ገዳዩ ከረንቱ ይሁን ብሩ አላሳየህም ይላል።

መልስ የምሰጥበት ቀን ተቆርጧል። ምን ትላላችሁ?


ዓባይ ማዶ
ማክሰኞ ማታ 3፡05

ተው አትድከም። የኛ ሰው ሲሠራ ሁሌ እንዲህ ነው። ፈረንጅ ይዞት ቢመጣ ምንጣፍ ይነጠፍለት ነበር።


የዋሸራ ተማሪ (ዳንግላ)
ማክሰኞ ማታ 3፡50

ዓባይ ማዶ፣ ንዴትህ ይገባኛል። እዚህ ላይ ግን መርማሪው ልክ ነው፤ ቢያንስ በመጀመሪያው ነጥብ።

እኔ ሕግ ከመማሬ በፊት ቅኔ ቤት ነበርኩ። ቅኔ ላይ አንድ ቃል ሰምም ወርቅም ሲይዝ ትመሰገናለህ። የይገባኛል ጥያቄ ላይ ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ጉድጓድ ነው፤ የምትገባበትም አንተው ራስህ ነህ። መርማሪው ቃሉን የሚያነበው ቃሉ እስከሚለጠጥበት ድረስ ለጥጦ ነው። ወርቁን አይፈልግልህም።

ሽቦ በጣሽ፣ «ማንኛውም» ስትል በልብህ የያዝከው እጀታህን ነው። እሱ ግን የሚያየው እስከ ዛሬ የተጻፈውን ሁሉ ነው። ለምሳሌ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ቅብ አለ። ብርሃን ሲያርፍበት ባክቴሪያ እንደሚገድል የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ጽፈዋል። ብርሃኑ ከአምፖል ከመጣ ያም ባንተ ቃል «በኤሌክትሪክ የሚሠራ» ሊባል ነው። የራስህን ማሳ ብታጥር ማንም አይነካህም። የጎረቤቱን ጤፍ ጨምረህ ስታጥር ነው ሙሉ አጥሩ የሚነቀለው።

አሁን ስለ መገጣጠሙ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተምታተውብሃል። አዲስ አይደለም ለማለት አንድ ሰነድ ብቻውን ያንተን ሁሉ ነገር መያዝ አለበት፤ እዚያ ላይ መስፋት የለም። ሁለተኛው ጥያቄ ሌላ ነው። በሙያው ተራ ዕውቀት ያለው ሰው የነበረውን አይቶ በቀላሉ ይደርስበታል ወይ? እዚህ ላይ ሁለት ሰነድ ማገናኘት ይፈቀዳል። የፓተንት አዋጃችን ቁጥር 123/1987ም ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚጠይቀው።

ጤፍና ማሽላ ቀላቅሎ እንጀራ መጋገር አዲስ ነገር ነው ብሎ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን አንድ ሰው በሆነ መጠን ቀላቅሎት እንጀራው ባልተጠበቀ ሁኔታ ሳምንት ሳይሻግት ቢቀመጥስ? ያኔ ወሬው ይለወጣል። ስለዚህ «ለምን ገጣጠመ?» ብለህ አትከራከር። «ሰው ምን አስቦ ይገጣጥማቸዋል? ቢገጣጥምስ ይኼን ውጤት ይጠብቅ ነበር?» በል።


ማርትሬዛ (ሞጣ)
ማክሰኞ ማታ 4፡10

እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። አያቴ አንገት ላይ ማርትሬዛ አለ፣ 1780 ይላል። ብር ነው፣ ቆዳዋን ነክቶ ነው የሚውለው። ታዲያ አያቴ «ቀዳሚ ጥበብ» (ከማመልከቻው በፊት የነበረ ዕውቀት) ናት ማለት ነው? 😂


ጡረተኛው (ደብረ ማርቆስ)
ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ማርትሬዛ፣ ጥያቄሽ የቀልድ ቢመስልም ቁም ነገር አለበት። ያ ገንዘብ 83 በመቶ ገደማ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ብርና መዳብ እጅግ ጥቂት ሆነው እንኳ ረቂቅ ሕያዋንን እንደሚገድሉ ኔግሊ የተባለው የስዊስ ሊቅ ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1893 ታትሟል። ስለዚህ አያትሽ የብሩን አዲስነት ታስጥላለች። ባትሪውን ግን አታስጥልም።

ባትሪውን የሚያስጥል ሌላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ስፓዳሮ፣ ቤከርና ባልደረቦቻቸው የተባሉ ተመራማሪዎች የብር ኤሌክትሮድ ላይ ደካማ ቀጥተኛ ከረንት ሲያልፍ ባክቴሪያ እንደሚገታ በማይክሮ አምፔር (የአምፔር ሚሊዮንኛ) ለክተው አሳዩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1992 የባክቴሪያ ተመራማሪው የኮስተርተን ቡድን ደካማ ኤሌክትሪክ ገጽ ላይ የተለጠፈ የባክቴሪያ ንብርብርን ለመድኃኒት እንደሚያጋልጥ ጻፈ። እርጥብ ሲሆን በራሱ ከረንት የሚፈጥር የብርና የዚንክ ነጠብጣብ ያለበት የቁስል ፋሻም ገበያ ላይ አለ። አየህ ልጄ፣ «ብር ሲደመር ኤሌክትሪክ» የሚለው ሐሳብ ካንተ በዕድሜ ይበልጣል።

እኔን ያሳሰበኝ ሦስተኛው ነጥብ ነው። ከረንትህ ስንት ነው? የሞከርከውስ እንዴት ነው?


ሽቦ በጣሽ
ረቡዕ ጠዋት 2፡30

ጋሸ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርጥብ ሲሆን 10 ማይክሮ አምፔር አካባቢ ነው። የሞከርኩት አንድ ላብራቶሪ ያለው ጓደኛዬ ዘንድ ነው። የተቀባውንና ያልተቀባውን አነጻጸርን። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።


ጡረተኛው
ረቡዕ ጠዋት 3፡00

በቃ፣ ችግሩ እሱ ነው። የተቀባና ያልተቀባ አነጻጸርክ። ባትሪ ያለውንና የሌለውን አላነጻጸርክም።

መዳብ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ ይገድላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2008 የመዳብ ቅይጦችን በ2 ሰዓት ውስጥ ከ99.9 በመቶ በላይ ባክቴሪያ ይገድላሉ በሚል መዝግቧል። መርማሪው ይኼን ካወቀ «ባትሪህ ጌጥ ነው» ቢልህ ምን ትመልሳለህ?

አራት እጀታ አዘጋጅ። አንዱ ያልተቀባ። አንዱ ተቀብቶ ባትሪ ያለው። አንዱ ተቀብቶ ባትሪው የወጣ፣ ገመዱም የተቆረጠ። አራተኛውን ሰው ይረሳዋል። ባትሪው ወጥቶ ገመዶቹ እርስ በርስ የተገናኙ። ለምን መሰለህ? ብርና መዳብ ተገናኝተው ከረጠቡ ራሳቸው ባትሪ ይሆናሉ። ያኔ ደግሞ የሚሟሟው መዳቡ እንጂ ብሩ አይደለም። አራቱን ጎን ለጎን ካላስቀመጥክ የትኛው ምን እንደሠራ አታውቀውም።

ሒሳቡንም ጻፈው። አንድ ኩሎምብ (የኤሌክትሪክ መጠን መለኪያ ነው) 1.118 ሚሊ ግራም ብር ያሟሟል። 10 ማይክሮ አምፔር ቀንና ሌሊት ቢያልፍ በቀን 1 ሚሊ ግራም ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው፤ በዓመት 350 ሚሊ ግራም ገደማ። ባትሪህ 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ከያዘ 22,000 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ተኩል ይሄዳል። ይኼ ሁሉ ሳያቋርጥ ረጥቦ ቢውል ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር የማመልከቻህ መግለጫ ውስጥ አለ?


ሽቦ በጣሽ
ረቡዕ ጠዋት 3፡10

የለም። «ለረጅም ጊዜ ያገለግላል» ብዬ ነው የጻፍኩት። 🙈


ሲስተር (ቡሬ)
ረቡዕ ከሰዓት 8፡20

እኔ ስለ ፓተንቱ አላውቅም። እጀታውን የምትሰቅሉት ግን እኔ የምሠራበት ዓይነት ቤት ነውና ልናገር።

አንደኛ፣ የኛ በር በቀን ስንቴ በበረኪና እንደሚወለወል ታውቃላችሁ? በረኪና ብርን ያጠቁራል፣ መዳብንም ይበላል። ቅብህ ስንት ውልወላ ይችላል? ጽዳት ሠራተኞቹን «ይኼን በር አትንኩት» ልትሏቸው ከሆነ፣ እጀታው ከመጣ ወዲህ ንጽሕናው ባሰበት ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ 99.9 በመቶ። ከአንድ ሚሊዮን አንድ ሺህ ቀረ ማለት ነው። ጥሩ ነው። ግን የት ተለክቶ? አይ.ኤስ.ኦ 22196 የሚባለውን መለኪያ አንድ ሥልጠና ላይ አሳይተውናል። ባክቴሪያው በፈሳሽ ይደረጋል፣ በስስ ላስቲክ ይከደናል፣ በ35 ዲግሪ፣ ከ90 በመቶ በማያንስ እርጥበት 24 ሰዓት ይቀመጣል። ኧረ እናንተ! በጥር ወር ቡሬ ላይ የትኛው የበር እጀታ ነው እንዲህ ረጥቦ የሚያድር? ደርቆ ሲውልስ ይሠራል?


ሽቦ በጣሽ
ረቡዕ ከሰዓት 9፡45

እሽ ሲስተር፣ እውነቱን ልናገር። ሲደርቅ ከረንት የለም። ዜሮ። የሚሠራው ሰው ሲነካው ነው፤ ላቡ ወይ ትንፋሹ ሲያርፍበት። ለዚህ ነው ማመልከቻው ላይ ብዙም ያላጎላሁት። ድክመት ነው ብዬ።


የዋሸራ ተማሪ
ረቡዕ ማታ 1፡30

ቆይ ቆይ። አንተ ድክመት ብለህ የደበቅከው እኮ ፈጠራህ ሳይሆን አይቀርም!

እጀታ የሚቆሽሸው መቼ ነው? ሰው ሲነካው። ያንተ እጀታ የሚነቃው መቼ ነው? ሰው ሲነካው። ሲደርቅ ይተኛል፣ ባትሪም ብርም አይበላም። መርማሪው የጠቀሰብህ ሰነድ እንደዚህ ይላል? እስኪ ሄደህ አንብበው፤ ርዕሱን ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን።

ሌላም ልጠይቅህ። «የእጅ እርጥበት ሲያገናኝ» የሚለው ነገር መጀመሪያ ባስገባኸው መግለጫ ውስጥ ተጽፏል? ይኼ የሞት የሽረት ጥያቄ ነው። ማመልከቻህን ማሻሻል ትችላለህ፤ መጀመሪያ ያልነበረ ነገር መጨመር ግን አትችልም።


ሽቦ በጣሽ
ረቡዕ ማታ 3፡20

አነበብኩት። ሱቄን ዘግቼ ነው ያነበብኩት።

የኔ ገጽ 6 ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች። «የእጅ እርጥበት መስመሮቹን ሲያገናኝ ብቻ ከረንቱ ይጀምራል፤ ሲደርቅ ይቆማል።» አንዲት ዓረፍተ ነገር! ስጽፋት ገጽ ለመሙላት ነበር።

የፈረንጁ ሰነድ ደግሞ በብሩ ላይ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ የጄል ንብርብር አለው። ጄሉ ከደረቀ ገጹ አገልግሎቱን ያቆማል ይላል። እንዲያውም እንዳይደርቅ ምን መደረግ እንዳለበት ሁለት ገጽ ጽፏል።


የዋሸራ ተማሪ
ረቡዕ ማታ 3፡35

እሰይ! እሱ ሰነድ ሰውን ወደ እርጥብ ነው የሚመራው፤ አንተ ወደ ደረቅ ሄድክ። ያንን ሰነድ ያነበበ ባለሙያ ጄሉን ለማንሳት አያስብም። ክርክርህ ይኸው ነው።


ጡረተኛው
ሐሙስ ጠዋት 1፡40

ደስታችሁን ላደፈርስ ነው። ሁለት ሽቦ ሲረጥብ ከረንት ማለፉ፣ ሲደርቅ መቆሙ የተፈጥሮ ሕግ ነው። መርማሪው «ይኼማ የማንኛውም ሁለት ኤሌክትሮድ ጠባይ ነው» ቢል ሐሰት አይደለም። ጄሉን ማንሳት ብቻውን ፈጠራ ነው ወይ? እኔ መርማሪ ብሆን በዚህ ብቻ አልሰጥህም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመስመሮቹ ርቀት ስንት ነው? ለምንስ ያንን መረጥክ?


ሽቦ በጣሽ
ሐሙስ ጠዋት 2፡15

ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። መጀመሪያ 2 ሚሊ ሜትር አድርጌ ነበር፤ የጣት ላብ አላገናኘውም። 1 ሚሊ ሜትር ላይ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ አይሠራም። ከግማሽ ሲያንስ ደግሞ ላቡ ደርቆ ጨው ሲቀር መስመሮቹ ተገናኝተው ይቀራሉ፣ ባትሪው ሌሊቱን ያልቃል። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋሁት በዚህ ነው።


ጡረተኛው
ሐሙስ ጠዋት 2፡20

ይኼን ነው መጀመሪያ መናገር የነበረብህ። ርቀቱ መግለጫው ላይ አለ?


ሽቦ በጣሽ
ሐሙስ ጠዋት 2፡25

አለ፤ ሥዕል 2 ላይ። ሦስቱም ርቀት በሰንጠረዥ።


ጡረተኛው
ሐሙስ ጠዋት 2፡40

እንግዲያው የመጀመሪያውን ጥያቄ ቀደህ ጣለው። በርቀቱ ጻፈው። አንድ ነገር ግን አስብበት። ላብ ውስጥ ከጨው የሚመጣ ክሎራይድ አለ። ከብር አየን ጋር ሲገናኝ ሲልቨር ክሎራይድ ይሆንና ብሩን ይሸፍነዋል። ስድስት ወር ቆይቶ ከረንቱ ይወርዳል። ይኼን እንዴት ፈታኸው?


ሽቦ በጣሽ
ሐሙስ ጠዋት 3፡00

አዎ ይወርዳል። ባለፈው ዓመት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በየተወሰነ ጊዜ የምትገለብጥ ትንሽ ሰርኪውት ጨመርኩበት። ሲገለበጥ የጠቆረው ብር ይጸዳል። ይኼ ግን ማመልከቻው ላይ የለም፤ ከገባ በኋላ ነው የሠራሁት። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ግን አሳይቼዋለሁ፣ ቪዲዮውም ቴሌግራም ላይ አለ። ስምንት ወር ይሆነዋል።


የዋሸራ ተማሪ
ሐሙስ ምሳ ሰዓት

ወይ አንተ! ቪዲዮ ከለቀቅክ በኋላ ነው የምትነግረን?

መገልበጫዋን እዚህ ማመልከቻ ላይ አትጨምራትም። ለብቻዋ አዲስ ማመልከቻ ትፈልጋለች። በኛ አዋጅ አመልካቹ ራሱ ይፋ ያደረገው ነገር ለፓተንት ከማመልከቱ በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነ አይቆጠርበትም። ስለዚህ አራት ወር አለህ። ሳትውል ሳታድር አስገባ። አውሮፓ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለም ማለት ይቻላል፤ እዚያ በዚያች ቪዲዮ ምክንያት በሩ ተዘግቷል። አሜሪካ አንድ ዓመት ይሰጣል።

ከማስገባትህ በፊት ራስህ ፈልግ። ኤስፓስኔትና ፓተንትስኮፕ የሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች በነጻ ናቸው። በቃል ብቻ አትፈልግ፣ ሰነዶቹ በተመደቡበት የምድብ ቁጥር ፈልግ። ጀርም ገዳይ ቀለሞች ሲ09ዲ 5/14 ላይ ናቸው። በኤሌክትሪክ ማምከን ኤ61ኤል 2/03 ላይ ነው። ብርና መዳብን የመሰሉ ብረቶች ኤ01ኤን 59 ሥር አሉ። ሁለት ምድብ አንድ ላይ ስታስገባ ዝርዝሩ ያጥራል። እኔ ዛሬ ሞክሬው «የዋልታ መገልበጥ» የሚለው በውኃ ማጣሪያ ላይ ሞልቷል። በእጀታ ላይ እስካሁን አላየሁም፤ ግን አንድ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው የፈለግኩት።

አነስተኛ ፈጠራም አለ። ለእሱ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው። 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። ፓተንት 15 ነው፣ አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ከታየ 5 ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራ ያ «ለባለሙያ ግልጽ ነው» የሚለው ፈተና የለም። ለመገልበጫዋ እሱንም አስብበት፤ የ12 ወሩ ምሕረት ለእሱም መሥራቱን ግን አስቀድመህ ጠይቅ።


ሽቦ በጣሽ
ሐሙስ ከሰዓት 10፡00

«አነስተኛ» የሚለው ቃል ግን ደስ አይልም። አንድ ዓመት ለፍቼ አነስተኛ?


ማርትሬዛ
ሐሙስ ከሰዓት 10፡04

ስሙን ተወውና ወረቀቱን ያዝ። አያቴም የማርትሬዛዋን ስም አታውቅም፤ «ጠገራ» ነው የምትለው።


ሲስተር
ሐሙስ ማታ 1፡00

መልሱ ላይ «በሽታን ይከላከላል፣ ሰውን ይፈውሳል» የሚል እንዳታስገባ። እጀታ ጀርም ቀነሰ ማለትና ሰው አልታመመም ማለት ለየቅል ናቸው።


የዋሸራ ተማሪ
ሐሙስ ማታ 1፡10

ሲስተር ልክ ናት። ሰውን የማከም ዘዴ በአዋጁ ፓተንት አይሰጠውም። ያንተ እጀታ ነው፤ እጀታ ሆኖ ይቅር።


ሽቦ በጣሽ
እሑድ ከሰዓት 9፡30

አራቱን እጀታዎች ፈተንን፤ ዛሬ ባክቴሪያ ያሳደግንባቸውን ሳህኖች ተመለከትን። ደረቅ ላይ ባትሪ ያለውና የሌለው እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ካልተቀባው ይሻላሉ። ጋሸ እንዳሉት መዳቡ ነው። በሰው ሠራሽ ላብ ሲነካ ግን ባትሪ ያለው በግልጽ ቀደመ። ገመዱ የተገናኘው አራተኛው መሐል ላይ ሆነ፤ እሱን ባላደርግ ኖሮ መርማሪው ይጠይቀኝ ነበር። ደረቁንም እርጥቡንም ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ አልደበቅኩም።

አዲሱ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው፦

«የበር እጀታ፣ በላዩ በየተራ የተቀቡ የብርና የመዳብ መስመሮች ያሉት፣ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ፣ በመስመሮቹ ላይ እርጥበት የሚይዝ ንብርብር የሌለው፣ ብሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር የተያያዘ፣ የእጅ እርጥበት መስመሮቹን ሲያገናኝ ብቻ ከረንት የሚያልፍበት።»


የዋሸራ ተማሪ
እሑድ ከሰዓት 9፡50

«ያህል» የምትለዋን አውጣ። ያህል ማለት ስንት ነው? 0.4 ነው? 0.7 ነው? ሰንጠረዥህ የሚደግፈውን ብቻ ጻፍ። «ንብርብር የሌለው» የሚለው መግለጫው ውስጥ ድጋፍ እንዳለውም አረጋግጥ። ሥዕሉ ላይ ባዶ መሆኑ ከታየ ሥዕሉን ጥቀስ።


ጡረተኛው
እሑድ ማታ 1፡20

እኔ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሊሰጥህም ላይሰጥህም ይችላል። ግን አሁን የምትከራከርበት ነገር ይዘሃል። ላከው።


ባለ ባጃጁ (ባሕር ዳር)
እሑድ ማታ 2፡00

ወንድሜ፣ ያቺን የምትገለብጠዋን እጀታ ለባጃጄ አንድ ብትሰጠኝስ? ተሳፋሪ ሁሉ ሲይዛት የሚውል ብረት አለች። ማስታወቂያም እለጥፍልሃለሁ።


ሽቦ በጣሽ
እሑድ ማታ 2፡06

ማስታወቂያ? አደራህን! ሁለተኛው ማመልከቻ ሳይገባ አንድም ሰው እንዳያያት። ከገባ በኋላ ና፣ በነጻ እገጥምልሃለሁ። ባትሪውን ግን አንተ ትገዛለህ።